ቃዲው ለምስክርነት የቆሙ ዕለት

በደጋና በቆላ መካከል፣ ከገደል አፋፍ ላይ የተሠራች አንዲት የቆየች ከተማ ነበረች። ስሟን አልጠራም። ስሟን ከጠራሁ የአገሩ ሰው «እኛ ዘንድ እንዲህ አልነበረም» እያለ መከራከሩ አይቀርም፤ ክርክሩም ቁም ነገሩን ያስረሳናል። ቤቶቿ የድንጋይ ናቸው፤ ከግርጌዋ የሎሚና የትርንጎ አትክልት ቦታዎች ተዘርግተዋል፤ በመካከሏም የጁምዓ ሶላት የሚሰገድበት ሰፊ መስጂድ አላት። በዚህ መስጂድ በረንዳ ላይ፣ ዙህር ከተሰገደ በኋላ፣ ቃዲ ዘይኑ የሚባሉ ዓሊም ምንጣፋቸውን አንጥፈው የሰው ጉዳይ ያዩ ነበር። አላህ ይዘንላቸው።

ቃዲ ዘይኑ ገበያ ወጥተው ዕቃ አይገዙም። ለምን ሲባሉ «ነጋዴ ቃዲ ሲያይ ዋጋ ይቀንሳል፤ የቀነሰውን ደግሞ አይረሳም» ይላሉ። ስለዚህ ሥጋውንም ጨውንም ባለቤታቸው በሰው ታስገዛለች፤ የሚገዛውም ሰው ለማን እንደሚገዛ አይናገርም። ተርበው አይፈርዱም፤ ተቆጥተውም አይፈርዱም። አንድ ቀን በቅሏቸው መንገድ ላይ ጥላቸው፣ አቧራቸውን አራግፈው ከመስጂዱ እንደ ደረሱ፣ የሚጠብቋቸውን ባለጉዳዮች «ዛሬ ሂዱና ነገ ኑ። በበቅሎዬ ተናድጃለሁ፤ ንዴቱ ለእናንተ እንዳይተርፍ» ብለው እንደ መለሷቸው ይወራል። ሰዉ በዚህ ይስቅ ነበር። ቢስቅም ጉዳዩን ወደ ሌላ ቃዲ ሊወስድ አይፈልግም።

በዚያች ከተማ ሙሔ የሚባሉ ባለአትክልት ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ልጅ አልወለዱም፤ በስተርጅናም ዐይናቸው ደከመ። ሚስታቸው ስትሞት፣ ከመጀመሪያ ባሏ የወለደቻት ረውዳ የምትባል ልጅ አብራቸው ቀረች። ረውዳ ራሷ ባሏ የሞተባት፣ ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። የእንጀራ አባቷን እጃቸውን ይዛ መስጂድ ታደርሳለች፣ ትመልሳለች፤ ታበላቸዋለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች። ሎሚውንም ኮትኩታ፣ ለቅማ፣ ገበያ አውጥታ የምትሸጠው እሷው ነበረች። ቤቱ የሚተዳደረው በዚያ ሎሚ ነው።

ሙሔ ሲሞቱ ነገር መጣ። በሸሪዓው የእንጀራ ልጅ አትወርስም፤ ወራሹ ወንድማቸው ሐጂ ቡሽራ ናቸው። ሐጂ ቡሽራ መጥተው «የአባቴ መሬት ነውና ልረከብ» አሉ። ረውዳ ደግሞ «ይህ ውርስ አይደለም፤ አባቴ በሕይወት ሳሉ፣ በጤናቸው ሰጥተውኛል። ሂባ ነው» አለች። አትክልቱ ከተወሰደባት ልጆቿን ይዛ ከሰው ቤት ገብታ እንጀራ ጋጋሪ ከመሆን በቀር ሌላ መንገድ አልነበራትም። ይህን እሷም ታውቃለች፤ ሰፈሩም ያውቃል።

በዚያ አገር መሬት የሚሰጥ ሰው አንድ ልማድ ነበረው። ከመሬቱ ላይ ቆሞ አፈር ይዘግንና በተቀባዩ ነጠላ ጫፍ ላይ ያኖረዋል፤ ተቀባዩም አፈሩን ቋጥሮ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ይህን በዐይኑ ያየ ሰው ለስጦታው ምስክር ነው። አፈሩ በረውዳ ነጠላ ላይ ሲኖር ያዩ ሁለት መንገደኞች ነበሩ። አንደኛው የጨው ነጋዴ ሲሆን ቆላ ወርዶ በንዳድ ሞቷል። ሁለተኛው፣ በቅሏቸውን አቁመው «አላህ በረካ ያድርግበት» ብለው መርቀው ያለፉት፣ ቃዲ ዘይኑ ራሳቸው ነበሩ።

እንግዲህ የረውዳን ደስታ አስቡት። ምስክሯ ዳኛው ናቸው። ከሐጂ ቡሽራ ጋር ከምንጣፉ ፊት ሲቀርቡ ጉዳዩ ያለቀ መስሏት ነበር።

«ሸኽዬ፣ እኔ ምን እናገራለሁ?» አለች። «እርስዎ እዚያው ነበሩ።»

ቃዲ ዘይኑ ሐጂ ቡሽራን ተመለከቱ። ሐጂ ቡሽራ «እኔ ወንድሜ ሰጠ ሲባል አልሰማሁም» አሉ።

በዚህን ጊዜ ቃዲው ተነሡና ምንጣፋቸውን ጠቀለሉ። «ይህን ጉዳይ እኔ አላየውም» አሉ።

«ኧረ በአላህ! ለምን? በዐይንዎ ያዩት አይደለም ወይ?»

«ስላየሁት ነው፣ ልጄ። ያየሁትን እመሰክራለሁ፤ አልፈርድበትም። ምስክሩም ዳኛውም እኔ ከሆንኩ፣ ሐጂ ምስክሩን አልቀበልም ቢሉ ለማን ይናገራሉ?»

ከተማው በዚህ ተከፈለ። አንዳንዱ «ቃዲው ሐጂን ፈሩ» አለ። ሐጂ ቡሽራ ሰው ከሶላት በፊት የሚታጠብበትን የመስጂዱን የውዱእ ቦታ በራሳቸው ወጪ ያሠሩ፣ በረመዷን ድሃ የሚያስፈጥሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ መፈራታቸው የሚያስገርም አልነበረም። ክፉ ሰውም አልነበሩም፤ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። የአባት መሬት ከደም ውጭ መውጣት የለበትም ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ፤ ሰው ደግሞ የሚያምንበትን ነገር ለማስጠበቅ ሲል ያወቀውን እንዳላወቀ ለመሆን አይቸገርም።

ቃዲ ዘይኑ ከደጋው ከተማ ቃዲ ሙኽታርን አስጠሩ። ሙኽታር ወጣት ነው፤ ኪታብ የቀራውም ከእሳቸው ዘንድ፣ ከእሳቸው ጉልበት ሥር ቁጭ ብሎ ነው። በቀጠሮው ቀን ሕዝቡ ከዙህር በኋላ ሳይበተን በረንዳውን ሞላው። ሙኽታር በመምህሩ ቦታ ተቀምጦ ሳለ ቃዲ ዘይኑ ሲመጡ አየና ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አሉት። «ዛሬ የምትነሣልኝ ሰው አይደለሁም።»

ጫማቸውን አውልቀው፣ ሌሎች ባለጉዳዮች በሚቀመጡበት በባዶው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሙኽታር ፊቱ ቀላ፤ የሚያደርገው ቢጠፋው ጥምጣሙን አስተካከለ።

ረውዳ ጉዳይዋን ተናገረች። ሐጂ ቡሽራም ካዱ። ሙኽታር ለሁለቱም ሕጉን ነገራቸው። የከተማዋ ሰው በሚከተለው በሻፊዒ መዝሀብ፣ በንብረት ጉዳይ አንድ የታመነ ምስክር ከተገኘና ከሳሿም ምላ ከተናገረች ይፈረድላታል። ምስክር ከታጣ ግን መሐላው ወደ ተከሳሹ ይዞራል፤ ተከሳሹ ከማለ መሬቱ የእሱ ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ነገሩ በቃዲ ዘይኑ ቃል ላይ እንደ ቆመ ገባው። የእሳቸውን ቃል ደግሞ በዚያ ከተማ የሚጠራጠር አልነበረም።

ቃዲ ዘይኑ ቆመው ያዩትን መሰከሩ። አፈሩን፣ ነጠላውን፣ ሙሔ የተናገሩትን ቃል፣ የነጋዴውን ስም አንድ በአንድ ተናገሩ። ሲጨርሱ ሙኽታር፣ ማንኛውም ምስክር የሚጠየቀውን እንዲጠይቅ ግድ ሆነበት። መምህሩን መጠየቅ አሳፍሮት ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«ሸኽዬ፣ ከከሳሿ ጋር ዝምድና አለዎት?»

«የለኝም።»

«በአትክልቱ የሚያገኙት ጥቅም አለ?»

«የለም።»

«በእርስዎና በሐጂ ቡሽራ መካከል ቂም አለ?» ይህን ለወጉ ያህል ነው የጠየቀው። መልሱንም ሳይጠብቅ ወደ ረውዳ ዞሮ «ለመሐላው ተዘጋጂ» ሊላት አፉን ከፈተ።

ቃዲ ዘይኑ ግን አልመለሱም። ሕዝቡ ቀና ቀና ማለት ጀመረ።

«አለ» አሉ በመጨረሻ።

በበረንዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ የሰማውን አላመነም። ከሁሉ ይልቅ ያላመኑት ሐጂ ቡሽራ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ዛሬ መስማታቸው ነው። ሙኽታር መምህሩን ሊያተርፍ ፈለገ።

«ሸኽዬ፣ ሰላምታ ትለዋወጣላችሁ አይደል?»

«እንለዋወጣለን።»

«ክፉ ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ?»

«አናውቅም።»

«እንግዲያው ይህ እንደ ቂም አይ…»

«ልጄ፣ ኪታቡን እኔ ነኝ ያስቀራሁህ» አሉ ቃዲው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ሰውየው ሲደሰት የሚከፋው፣ ሲከፋው የሚደሰት ሰው ምስክርነቱ በዚያ ሰው ላይ አይያዝም ይላል። ባለፈው ክረምት ጎርፍ የሐጂን ጎተራ ሲወስድ ሄጄ አጽናናኋቸው። ኢና ሊላህ አልኩ። ያልኩት በአፌ ነው። ልቤ ደስ ብሎት ነበር። ከቤታቸው ወጥቼ ስሄድ በመንገድ ደስታዬን አወቅሁት፤ ግን ስሙን አልጠራሁትም። አሁን አንተ ስትጠይቀኝ ጠራሁት።»

«ምክንያቱን ልጠይቅ?»

ቃዲ ዘይኑ ምክንያቱን በጥቂት ቃል ተናገሩ። ሸምሱ የሚባል ወንድ ልጅ ነበራቸው። የሐጂ ቡሽራን ልጅ ለጋብቻ አስጠይቀውለት ነበር። ሐጂም ለሽማግሌዎቹ «እኛ ለደረሳ ልጅ አንድርም፤ ከኪታብ ሌላ ምን አለው?» ብለው መለሷቸው። ነገሩ በከተማው ተወራ። ሸምሱ አፈረ፤ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ባሕሩ አገር ወረደ፤ በዚያው ቀረ። በሕይወት ይኑር ይሙት እስከ ዛሬ አይታወቅም። እናቱ አሁንም በር ሲንኳኳ እሱ እየመሰላት ብድግ ትላለች።

ሐጂ ቡሽራ ወደ ፊት ተጠጉ። «ሸኽዬ… ሸምሱ የሄደው በእኔ ቃል ነው?»

«ይህ ለዛሬው ጉዳይ አይደለም» አሉ ቃዲው። ተመልሰውም ከድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

ሙኽታር የሚያደርገውን ያውቃል፤ አቅም ያጣው ለማድረግ ነው። ቀና ሲል ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «የቃዲ ዘይኑን ምስክርነት በሐጂ ቡሽራ ላይ አልተቀበልኩም» አለ።

ረውዳ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ድምጿ በመስጂዱ ግቢ ሁሉ ተሰማ።

«ሸኽዬ፣ ምን አደረጉኝ? እውነቱን ያውቁት የለም ወይ?»

«አውቀዋለሁ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ዝም ቢሉስ? ማን ያውቅብዎ ነበር? ልጆቼን ሜዳ ላይ ጣሏቸው እኮ!»

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች እዚህ ላይ ለቃዲው ረጅምና ያማረ መልስ ይሰጧቸዋል። እኔ የሰማሁት ግን እንዲህ ብቻ ነው፦ «የእኔ ዝምታ ውሸት ይሆን ነበር፣ ልጄ። በውሸት የተገኘ ሎሚ ሸጠሽ ልጆችሽን እንድታሳድጊ አልፈልግም።» ረውዳ በዚህ አልተጽናናችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች፤ ማንም ሊያባብላት አልቻለም። እኔም በእሷ አልፈርድም። የራሱ ጎጆ ላልፈረሰበት ሰው የቃዲውን ሐቀኝነት ማድነቅ ቀላል ነው።

ሙኽታር ወደ ሐጂ ቡሽራ ዞረ። «ምስክር አልተገኘም። መሐላው የእርስዎ ነው። ውዱእ አድርገው፣ ወደ ቂብላ ዞረው፣ ወንድምዎ አትክልቱን ለረውዳ መስጠቱን እንደማያውቁ በአላህ ስም ይማሉ። ከማሉ መሬቱን ይረከባሉ።»

ሐጂ ቡሽራ ወደ ውዱእ ቦታው ሄዱ። ራሳቸው ያሠሩት ቦታ ነው። ሰው ጠበቀ። ውዱእ ያን ያህል የሚያቆይ ነገር አልነበረም፤ ሐጂ ግን ቆዩ። አንዳንዱ «ሸሹ እንዴ?» እያለ ማንሾካሾክ ጀመረ። በኋላ ጢማቸው ውሃ እያንጠባጠበ ተመለሱ፤ በሙኽታር ፊት ቆሙ፤ ወደ ቂብላ ግን አልዞሩም።

«አልምልም» አሉ።

«ካልማሉ…»

«አውቃለሁ። ይርጋላት። ሙሔ ነግሮኛል። ታሞ ሳለ ጠርቶ ነግሮኛል፤ ‹አትንካባት› ብሎኛል።» ወደ ቃዲ ዘይኑ በእጃቸው አመለከቱ። «እኚህ ሰው በአንዲት ቃል መሬቱን ሊያስወስዱኝ ይችሉ ነበር። ልባቸውን የሚያይ ሰው አልነበረም። እኔም በአንዲት ቃል ላስቀረው እችላለሁ፤ ልቤን የሚያይ ሰው የለም። እስከ ውዱእ ቦታው ድረስ እምላለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። እጄን ስታጠብ ግን እሺ አላለኝም።»

ሐጂ በገዛ አፋቸው ስላመኑ ክርክሩ በዚያው አለቀ፤ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለምና። ሙኽታር አትክልቱን ለረውዳ ፈረደ። ረውዳ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች፤ ለመሳቅም ለማልቀስም ሳይሆንላት «አልሐምዱሊላህ» እያለች ወደ ልጆቿ ሮጠች። ሐጂ ቡሽራ ያመኑት አላህን ፈርተው ነው የሚሉ አሉ፤ ሰውን አፍረው ነው የሚሉም አሉ። እሱን ለባለቤቱ ለአላህ እንተውለት።

ብዙ ተራኪዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ሁሉም ያማረበት ቦታ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን የቃዲውን ነገር የተማርኩት ከዚህ በኋላ ከሆነው ነው።

ሕዝቡ ቃዲ ዘይኑን ከቦ እጃቸውን ሊስም፣ ሊያመሰግናቸው ሲጋፋ፣ እሳቸው ሰዉን በእጃቸው ገፋ ገፋ አድርገው ሐጂ ቡሽራ ዘንድ ሄዱ።

«ሐጂ፣ በእርስዎ ላይ ፈርጄ አውቃለሁ» አሏቸው። «የምንጩ መንገድ ጉዳይ። ያን ጊዜ ሸምሱ ከሄደ በኋላ ነበር፤ ልቤም እንደ ነገርኳችሁ ነበረ። ሳልነግርዎ በላይዎ ላይ ተቀምጬ ፈረድኩ። ሙኽታር እዚሁ እያለ ያ ፍርድ እንደ ገና ይታይ።»

ሐጂ ቡሽራ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አያስፈልግም። ፍርዱ ትክክል ነበር። መንገዱ የሕዝብ ነው፤ እኔ ነበርኩ ያጠርኩት።»

ቃዲው እፎይ አሉ። ሐጂ ግን አልጨረሱም ነበር።

«አንዲት ነገር ግን ነበረች፣ ሸኽዬ። እርስዎ ባለጉዳይ ተናግሮ ሲያበቃ፣ ከመፍረድዎ በፊት ‹የቀረህ ነገር አለ?› ብለው ይጠይቃሉ። ከብት የሰረቀውን እንኳ ሲጠይቁት ሰምቻለሁ። እኔን አልጠየቁኝም።»

«የቀረዎት ነገር ነበር?»

«ምንም አልነበረኝም። ግን አልጠየቁኝም። የዚያን ቀን እስከ ቤቴ ድረስ የሄድኩት ይህንኑ እያሰብኩ ነው። መንገዱን ያጠርኩ ጥፋተኛ መሆኔን ረስቼው፣ ‹ለምን አልጠየቁኝም?› ነበር የምለው።»

ቃዲ ዘይኑ በበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሰዉ ቀስ እያለ ራቀላቸው። ስለ መሬቱ ሲመሰክሩ፣ ስለ ልጃቸው ሲናገሩ ያላለቀሱት ሰው ስለ አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ማልቀሳቸው ለብዙዎቹ አልገባቸውም ነበር።

«አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ። እርስዎም ስለ ሸምሱ አውፍ ይበሉኝ» አሉ ሐጂ ቡሽራ።

ቃዲው ቀና ብለው ብዙ ተመለከቷቸው። «ዛሬ አልችልም፣ ሐጂ» አሉ። «ብልም በአፌ ብቻ ይሆናል፤ በአፌ ብቻ ያልኩት ነገር ነው ዛሬ ያዋረደኝ። ዱዓ ያድርጉልኝ።»

ሐጂ ቡሽራም ጎናቸው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። የአስር ሶላት አዛን ሲባል ሁለቱም ተነሥተው ተሰለፉ። ቃዲ ዘይኑ ከዚያ በኋላ ሐጂን ከልባቸው አውፍ ብለዋል የሚል አለ፤ እስኪሞቱ እየታገሉት ነበር የሚልም አለ። እኔ አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጨምርም። የሚታወቀው ከዚያ ቀን በኋላ የሐጂ ቡሽራ ጉዳይ ሲመጣ ሁልጊዜ ሙኽታር ከደጋው እየተጠራ ያየው እንደ ነበር ነው።

ሙኽታር በማግስቱ ሊሄድ በቅሎው ሲጫንለት መምህሩን «ሸኽዬ፣ ገና ወጣት ነኝ፤ ለፍርድ ሥራ የሚሆነኝ ምክር ይስጡኝ» አላቸው።

ቃዲ ዘይኑም «ምስክሩን የምትጠይቀውን አስቀድመህ ራስህን ጠይቅ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠይቅ ኖሬ፣ እኔን የጠየቀኝ ሰው አንተ ነህ» አሉት። ከዚህ ሌላ አልጨመሩም።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በየሰፈሩ፣ በየመስጂዱ፣ በየእድሩ ነገር የሚያይ ሰው እንመርጣለን። ስንመርጥ የምንመዝነውን ታውቁታላችሁ። ዒልሙ ስንት ነው፣ ድምፁ ይሰማል ወይ፣ ጢሙ አምሮበታል ወይ፣ ጉቦ አይበላም ወይ። የመጨረሻው መልካም ጥያቄ ነው። ቃዲ ዘይኑም ጉቦ አልበሉም፤ ገበያ እንኳ አልወጡም፤ ተርበው አልፈረዱም፤ በበቅሏቸው ሲናደዱ ችሎት አልተቀመጡም። ዒልማቸው የተመሰከረ ነበር። ፍርዳቸውም ትክክል ነበር፤ ያመነላቸው የተፈረደበት ሰው ራሱ ነው። ይህ ሁሉ እያለ አንድ ሰው ከፊታቸው ተነሥቶ ሳይሰማ እንደ ቀረ እየተሰማው ቤቱ ገባ። ሐቅ እንዲህ ትጎድላለች። ፍርዱ ሳይዛባ ሰውየው ይበደላል፤ በዳዩም በደሉን ሳያውቀው ሶላቱን ሰግዶ ይተኛል።

እኛ ደግሞ ዳኛ ልብ የሌለው እንዲሆን የምንመኝ ይመስለኛል፤ የማይወድ፣ የማይጠላ። እንዲህ ያለ ሰው አላህ አልፈጠረም። ነቢያችን፣ የአላህ ሰላምና እዝነት በሳቸው ላይ ይሁን፣ ዳኛ ተቆጥቶ እንዳይፈርድ የከለከሉት፣ ዳኛ እንደሚቆጣ ስለሚያውቁ ነው። የሚፈለግበት ቁጣውን ማወቅና ያወቀ ቀን ከቦታው መነሣት ነው። ቃዲ ዘይኑ የበቅሏቸውን ቁጣ ወዲያው አወቁት፤ ቀላል ነበርና። የልጃቸውን ቂም ግን፣ በትሕትናና በሰላምታ ሸፍነው፣ ለዓመታት ከራሳቸው ደበቁት። ታላቅነታቸውም ንጹሕ በመሆናቸው አይደለም። በሰው ሁሉ ፊት ሲጠየቁ፣ ለእውነተኛዋ ባለሐቅ እንኳ ሲሉ፣ አለመዋሸታቸው ነው።

ስለዚህ ለሰፈራችሁ ዳኛ ስትመርጡ ሌላውን ሁሉ ጠይቃችሁ ካበቃችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። «ከመካከላችን ልብህ የማይወደው ሰው ማን ነው?» በሉት። «ኧረ እኔ ሁሉንም እወዳለሁ» ካላችሁ አመስግናችሁ ወደ ቤቱ ሸኙት። ጥቂት አስቦ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ «እገሌ አለ፤ የእሱን ጉዳይ ለሌላ ስጡልኝ» ካላችሁ ግን፣ እሱን አትልቀቁት።